ዓይን ማሳረፊያ

ሰኞ 3

ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ አልኳቸው እማሆይን። «እንግዲያው ጫጫታሽን ወረቀት ላይ አራግፊና ቁጭ በይ» አሉኝ። ይኸው ማራገፍ ጀመርኩ።

እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በአንዲት ክፍል የሚኖሩ አሮጊት መነኩሲት ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጥቂት ሴቶች የጽሞና ጸሎት ያስተምራሉ። ትምህርቱ ከመቅለሉ የተነሳ ያናድዳል። በእግዚአብሔር ፊት ቁጭ ትያለሽ። አትለምኚም፣ አታማርሪም። «ጌታ ሆይ፣ እነሆኝ» ትያለሽ፣ ከዚያ ዝም። ይህን ያዘወተረ ሰው ውሎ አድሮ ዓለምን በሌላ ዓይን ያያል ይላሉ። እኔ ሌላ ዓይን አልፈለግሁም። የፈለግሁት እንቅልፍ ነው።

ስለ ማየት ደግሞ ለእኔ ማንም አይነግረኝም። የጠርሙስ ፋብሪካ መርማሪ ነኝ። ጠርሙሶቹ ተሰልፈው በበራ ነጭ ሰሌዳ ፊት ያልፋሉ። እኔ አረፋ ያለበትን፣ የተሰነጠቀውን፣ ጠጠር የዋጠውን እየለቀምኩ ወደ መስበሪያው እጥላለሁ። ጀማሪ ሁሉ ጠርሙሱ ላይ ያፈጥና ያመልጠዋል። ልማዱ ያለን ሰዎች ጠርሙሱን አናይም፤ ከኋላው ያለውን ብርሃን ነው የምናየው፣ ጉድለቱ ራሱ ይመጣል። ዓይን ቶሎ ስለሚጠግብ በየግማሽ ሰዓቱ ተራ ገብተን አንዲት ደብዘዝ ያለች ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። ዓይን ማሳረፊያ እንላታለን። ሌሎቹ እዚያ ያርፋሉ። እኔ የግድግዳውን ስንጥቅ ስከተል ተራዬ ይደርሳል።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «መርማሪ፣ ዛሬ ስንት ጣልሽ?» ይለኛል። ብዙ የጣልኩ ቀን በደስታ ነው የምነግረው።

ረቡዕ 5

ባለቤቴ ብርጭቆ ሰበረ። እንደገና። ክርኑ ሥር የነበረውን። «ጥፋቱ ያስቀመጠው ሰው ነው» ይለኛል ደግሞ። ስቄ ባልፈው ምን ነበረበት? አልሳቅሁም።

ሐሙስ 6

ስመለስ የስፌት መኪናውን ከኖረበት ግድግዳ ጎትቶ መስኮቱ ሥር ደቅኖታል። መተላለፊያው ተዘጋ። በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቷል። አጠፋሁት። አበራው። አጠፋሁት።

«ሴትዮ፣ አንቺ ብርሃን ፊት ተገትረሽ እየዋልሽ ለእኔ አንዲት አምፖል ትሰስቻለሽ?»

ለቀልድ ሰንፎ አያውቅም። ድሮ የተሸነፍኩለትም በዚሁ ምላሱ ነው። አሁን ግን ነገር ሁሉ በቀልድ ያልፋል ብሎ የሚያስብ ሰው ሆኖብኛል፤ ቤቱን የሚጠርገው መሐል መሐሉን ብቻ ነው፣ ጥግ ጥጉን ለእኔ ይተውልኛል።

እሑድ 9

እማሆይ ከግቢው ዛፍ አንዳንድ ቅጠል ሰጡንና «ምንም ሳትፈልጉባት ተመልከቷት» አሉን። ተመለከትኩ። ምን አየሽ ሲሉኝ «ጫፏን ትል በልቶታል፣ መሐሏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለ፣ አንድ ጎኗ ጠምዘዝ ብሏል» አልኳቸው። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እማሆይ አልሳቁም።

«ልጄ፣ እኔ የጠየቅሁሽ ቅጠሏን ነው። አንቺ የነገርሽኝ የጎደላትን ነው።»

«የጎደላትን ካላየሁ ምኗን አየሁት እማሆይ?»

«እሱን ብነግርሽም አይገባሽም። ይዘሻት ሂጂና አብረሻት ቁጭ በይ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ከትኳት። ቤት ስደርስ ቁልፍ ፈጭቷት አገኘኋት።

ማክሰኞ 11

በችኮላ። የፈረቃ ኃላፊው ሰበሰበን። ካሜራ ያለው ማሽን ይመጣል። ከእኛ ኋላ ይቆማል፣ እኛ ያሳለፍነውን እሱ ይይዛል። ደጋግሞ የሚያመልጠው ሰው ወደ ማሸጊያ ክፍል ይዛወራል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ለብቻዬ ጠርቶ «እናቴ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም» አለኝ። ያን ሲለኝ ነው የፈራሁት። በመስመሩ አጠገቤ የምትቆመው ሳቂታዋ «እሱ አያስነጥሰው፣ ሽንት ቤት አይሄድ፣ ከምኑ ጋር ልንወዳደር ነው?» ብላ ሁሉንም አሳቀች።

ዓርብ 14

ጎረቤታችን በሬ ላይ ጠበቀችኝ። «ምን አስቀየምነው ባልሽን? ደረጃው ላይ አጠገቡ ቆሜ እጄን ባነሳለት እንደ ግድግዳ አልፎኝ ሄደ።» የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ጠይቄያት ገባሁ።

ስነግረው ደነገጠ። «ካየኋት ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ።

«አጠገብህ ነበረች እኮ።»

«ካየኋት ነው የምልሽ።»

ሰው እንዲህ ሲምል ዋሽቷል ማለት ነው። ሲያመሽ ግን ተነስቶ በሯን አንኳኩቶ ራሱ ይቅርታ ጠየቃት። በእጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ሲመለስ አየሁት። ከዚያም እስክንተኛ ዝም አለኝ፣ እኔም ዝም አልኩት። ይህኛው ዝምታ እማሆይ የሚሉት ዓይነት አይደለም።

ቅዳሜ 15

የሰፈራችን አስተማሪ ያሰፋውን ኮት መልሶ አመጣ። አንዱ ኪስ ከሌላው ዝቅ ብሏል። በጥቁር ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ክር። አስተማሪው ሰው ማስቀየም አይወድም፤ «ምናልባት የተዛነፈው የእኔ ትከሻ ይሆናል» አለ። ይህን ሰፈር ያለበሰው ባለቤቴ ነው። የእሱን ኮሌታ ከመንገድ ማዶ ሆኜ እለየው ነበር።

አስተማሪው እንደወጣ «ስንፍና ነው» አልኩት። «ሌላ ስም የለውም።»

ኮቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስፌቱን በጣቱ ይዳስስ ነበር። «ስንፍና» አለ ቀስ ብሎ። «ይሁን፣ ስንፍና ይሁን።» ጭራሽ ቅልል ያለው መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

ሰኞ 17፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ መኝታ ቤት ጥግ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ጌታ ሆይ፣ እነሆኝ። የማሽኑ ሐሳብ መጣ፣ ጣልኩት። የኮቱ ኪስ መጣ፣ ጣልኩት። የሳቂታዋ ሳቅ፣ ጣልኩት። ብርጭቆው፣ አምፖሉ፣ የጎረቤቴ ፊት፤ አንድ በአንድ ለቅሜ ጣልኩ። ስነሳ ላብ አጥምቆኝ ነበር፣ ትከሻዬ ዝሏል፣ ሙሉ ፈረቃ የሠራሁ ያህል። ግን አንድም አላመለጠኝም። መሻሻል ነው።

ባለቤቴ አልጋው ላይ ይገላበጣል። የተኛ አይመስለኝም። ሰሞኑን የሚያሳስበው ነገር ቢኖር ይነግረኝ ነበር። ሁሉን ነገር ይነግረኛል እሱ።

እሑድ 23

ያንን ጸሎቴን ለእማሆይ በኩራት ነገርኳቸው። ዛሬ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ።

«ጸሎትሽ ውስጥም መስበሪያ ተከልሽበት? ጣይው ያለሽ ማነው? ሐሳቡ ሲመጣ እንደመጣ ይለፍ። አንቺ ፊትሽን ወደ ጌታ መልሺ።»

«ታዲያ የተሰነጠቀውም ከደህናው ጋር አብሮ ያልፋላ?»

«ያልፋል። እሱ እኮ ስንጥቃችንን ሁሉ እያየ ነው የሚወደን። እሱ በሚያይበት በኩል ለጥቂት ጊዜ ቁሚ ነው የምልሽ፣ ሌላ ምን አልኩሽ?»

መንገዱን ሙሉ ለብቻዬ ሳጉረመርም መጣሁ። ለመነኩሲት ቀላል ነው። ባል የላቸው፣ ኃላፊ የላቸው፣ ከኋላቸው ካሜራ የቆመባቸው አይደሉ። ባለቤቴ አብሮኝ ነበር፤ ክንዴን ይዞ ነው የሚሄደው ሰሞኑን። በዚህ ዕድሜ ፍቅር ጀመረው ብዬ ነው የታገስኩት። እንደ ዶሮ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል ደግሞ፣ ሰው ያየናል።

ሐሙስ 27

ይህን ለማንም አልናገርም። መስመሩ ላይ ቆሜ አንዲት አረንጓዴ ጠርሙስ መጣች፣ ታችዋ ላይ አረፋ። እጄ ተዘረጋ። አረፋዋ ውስጥ የሰሌዳው ብርሃን በሙሉ ገብቶ ተቀምጧል፤ መስኮቱም አለ፣ የእኔ ጣት ሳይቀር ከውስጥ አለ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለውን ስጥል ኖሬ አንዴም አይቼው አላውቅም። ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ።

ከዚያ ማሽኑ ጮኸ። አንገታቸው የተሰነጠቀ ጠርሙሶች አልፈውኛል፣ እኔ በአንዷ አረፋ ስደነቅ። መስመሩ ቆመ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ኃላፊው መጥቶ «ደከመዎት እንዴ እናቴ?» አለኝ፤ ሳቂታዋ «አቧራ ገብቶባት ነው» ብላ ዋሸችልኝ። ኃላፊው አላመናትም። ሌላ ጊዜ ከተደገመ ማሸጊያ ነው ብሎኛል፣ በትህትና።

ጸሎቱ ነው ያበላሸኝ። ከዓይኔ ሌላ ምን አለኝ እኔ?

እሑድ 30

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኩ። አላመመኝም። ባለቤቴ ብቻውን ሄዶ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። «መንገዱ መሐል ጉድጓድ ተክለውልኛል» አለ እየሳቀ። ያ ጉድጓድ ዝናቡ ከጀመረ ጀምሮ እዚያው ነው ያለው። የእግዜር ሰላምታ ሲሰጠኝ እንኳ አጉረመረምኩበት።

ዓርብ 5

ደረጃ ላይ ወደቀ። ጎረቤቶች አንስተው አስገቡት። ግንባሩ ተፍቋል፣ እጁ አብጧል። በቀን ብርሃን፣ ዕድሜ ልኩን በወጣበት ደረጃ። ሳላፍር አፉን አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። እንዳሸተትኩት ገባው፤ ፊቱን አዞረ። የሆነ ቦታ ተደብቆ ይጠጣል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ቅዳሜ 6

ለእህቱ ደወልኩላት። «ለጥቂት ጊዜ አንቺ ዘንድ ይሁን፣ እኔ ሥራዬን ላጣ ነው፣ ሁለት ነገር አልችልም» አልኳት። ረቡዕ መጥታ ልትወስደው ተስማማን። ለእሱ አልነገርኩትም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሰምቶኝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንዴም አልቀለደም።

ለሳቂታዋ ሻይ ላይ ሳወራት ከሳቋ ቀነስ አድርጋ «ተይ አንቺ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብሽ» አለችኝ። እኔ የሰው አላማሰልኩ፣ ጠርሙስ ነው የማየው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

እሑድ 7፣ ማታ

በሥርዓት ልጻፈው።

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ሁለታችንም ከቤት አልወጣንም። ቤታችን የላይኛው ፎቅ ስለሆነ የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፣ ልክ ወንበሬ ላይ። ባልዲ አስቀምጬ፣ የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ፣ ወንበሬን ተሸክሜ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣሁ። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር የአስተማሪውን ኮት ፈትቶ እንደገና ይሰፋል። እንዳልረብሸው ድምፅ ሳላሰማ ጎኑ ላይ ተቀመጥኩ፤ ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ። የተቀመጥኩት እሱን ለማየት አልነበረም። ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው።

ጌታ ሆይ፣ እነሆኝ። ካሜራው መጣ፣ አለፈ። እህቱ መጣች፣ አለፈች። ለመጣል ጉልበቱም አልነበረኝ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ዓይኔ ሄዶ እጁ ላይ አረፈ። እንደዚያች አረፋ ነው ያየሁት፤ ምንም አልፈለግሁበትም።

ክሩን ወደ መርፌው የሚያስገባው በምላሱ ነው። መርፌዋን ከንፈሩ ላይ ያደርግና ቀዳዳዋን በምላሱ ጫፍ ይፈልጋታል። ዓይኖቹ መርፌዋ ላይ አልነበሩም፣ መስኮቱ ላይ ነበሩ። ስንት ጊዜ ሞከረ። ስትገባለት «ተመስገን» አለ በለሆሳስ፤ እንዲህ ብሎ ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ መቀስ ፈለገ። መቀሱ በጎኑ ጠረጴዛው ላይ በግልጽ ተቀምጧል፣ ከእኔ በኩል። እጁን ዘረጋና ጠረጴዛውን በመዳፉ ቀስ እያለ እየጠረገ መጣ፤ መቀሱን አለፈው፤ የእኔ እጅ ጋ ደረሰ።

በድንጋጤ እጁን ሰበሰበ። መላ ሰውነቱን አዙሮ ፊት ለፊት እስኪያየኝ ድረስ እዚያ መኖሬን አላወቀም።

«መቼ መጣሽ?»

«ቆይቻለሁ።»

ብርጭቆው፣ አምፖሉ፣ ጥጋጥጉ፣ ጎረቤቴ፣ ጉድጓዱ፣ ክንዴን መያዙ፤ ሁሉም አንድ ላይ መጥተው ፊቴ ቆሙ፣ የሚጣል ግን አልነበረባቸውም። አልቅሼ አላውቅም እንደዛሬው። መቀሱን አንስቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

ማክሰኞ 9

ከኃላፊው ፈቃድ ጠይቄ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሟ ፊት ለፊት አስቀምጣው «አፍንጫዬን ብቻ ይመልከቱ» አለችና እጇን ወደ ጎኑ ዘርግታ ጣቶቿን አወዛወዘች። እኔ ከበሩ ሆኜ አያቸዋለሁ።

«ስንት ጣት ነው አባባ?»

«ጣት አለ እንዴ?»

ወደ ሌላው ጎን ሞከረች። እዚያም የለም። እጇን ወደ መሐል፣ ወደ መሐል ታመጣዋለች፣ እሱ ዝም፤ አፍንጫዋ አጠገብ ልትደርስ ስትል ነው «እ፣ አሁን መጣ» ያለው። በልቤ እባክህ፣ እባክህ እያልኩ ነበር። ጽሞናውን ትቼ ለመንኩ።

የዓይን ግፊት ነው። ከዳር ወደ መሐል እየበላ የሚመጣ። የሄደው አይመለስም። መሐሏ ላይ የቀረችውን ግን ጠብታ ሊያቆያት ይችላል፣ ጠዋትና ማታ፣ ሳይቋረጥ። «ለምን ቆያችሁ?» አለችን። የጠየቀችው እሱን ነበር፣ ራሴን ያቀረቀርኩት እኔ ነኝ።

ለእህቱ አትምጪ ብዬ ደወልኩ።

ረቡዕ 10

ዛሬ ጠየቅሁት። «ለምን አልነገርከኝም?»

በዚያው በቀልድ ድምፁ ጀመረ፣ አልዘለቀለትም። «ማታ ማታ ስንት ጣልሽ ስልሽ ፊትሽ ይበራል። ስንጥቅ አገኘሁ ስትይ ደስ ይልሻል። እኔም የመጣል ተራዬ እስኪደርስ ዝም ልበል ብዬ ነው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ሊያየኝ በሚችልበት በፊቱ በኩል።

እሑድ 14

ለእማሆይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምክር ጠብቄ ነበር። ሰሙኝና «ያቺ ቅጠልስ?» አሉኝ። ቁልፍ እንደፈጫት ተናዘዝኩ። ሌላ ቀንጥሰው ሰጡኝ፣ «ለእሱ ስጪው» ብለው። ባለቤቴ ቅጠሏን በጣቱ ዙሪያዋን ዳሰሳት፣ ጉንጩ ላይ አደረጋት። «ደስ ትላለች» አለ። «ጫፏ ግን ተበልቷል።» ሳላስበው ከት ብዬ ሳቅሁ።

ሐሙስ 18

ፋብሪካው አሁንም ያው ነው። ካሜራው ከኋላዬ አለ፣ ልቤ እንደተሰቀለ ነው። ስንጥቁን እጥላለሁ፣ ሥራዬ ነው። ዓይን ማሳረፊያ ስገባ ግን ግድግዳው ላይ አላፈጥም። ሳቂታዋን አያታለሁ። ስትቀመጥ አትስቅም፤ እግሮቿን ታሻለች፣ በጣም ያማታል መሰለኝ። ነገ እጠይቃታለሁ።

እሑድ 21

ጠብታው ሥርዓት አለው። ቀና ይላል፣ አንድ ጠብታ አደርግለታለሁ። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮው እንዳይወርድ ከአፍንጫው ጥግ በጣቴ ጫን አድርጌ እይዝለታለሁ፣ ሐኪሟ ያለችን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ። መጀመሪያ ሰሞን በልቤ ሰዓት እቆጥር ነበር። ሩዝ ጥጄ፣ ልብስ ዘፍዝፌ፣ ይሄኔ አንድ ነገር ባደርግ እያልኩ። አሁንም አንዳንዴ እንደዚያ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን ጣቴ እዚያው ሆኖ ፊቱን አየሁት። የግንባሩን ጠባሳ፣ የዓይኑን ቆብ፣ ሳይስተካከል የተላጨውን ጉንጩን። ጌታ ሆይ፣ እነሆኝ ብዬ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ዓይኑን እንደጨፈነ ከንፈሩ ፈገግ አለ።

«መርማሪ፣ ምን እያየሽ ነው?»

«አንተን።»

«ጉድለት አገኘሽ?»

«አገኘሁ።»

«ታዲያስ?»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ጠብታው ይፈሳል።»